ላሁሬዎቹ፦ ኔፓላውያን በሰው አገር ሆነው አገራቸውን እንዴት ይደግፋሉ?

ኔፓል ውስጥ እንጀራ ፍለጋ ከአገር የወጣ ሰው «ላሁሬ» ይባላል። ቃሉ የተወለደው ዛሬ ፓኪስታን ውስጥ ካለችው ከላሆር ከተማ ስም ነው። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የሲኮቹ ንጉሥ ራንጂት ሲንግ ለወታደሮቹ ደመወዝ ይከፍል ስለነበር፣ የኔፓል ደገኛ ወጣቶች ሊቀጠሩ ወደዚያች ከተማ ይወርዱ ነበር። ከ1815 ወዲህ ደግሞ እንግሊዞች እነዚሁኑ ወጣቶች «ጉርካ» ብለው ለራሳቸው ጦር መመልመል ጀመሩ። ወደ ላሆር የሚወርድ ከጠፋ ብዙ ዘመን ሆነው፤ ቃሉ ግን ቀረ። ዶሃ ላይ ብረት የሚያስረው፣ ማሌዥያ ውስጥ የላስቲክ ጓንት ፋብሪካ የሚሠራው፣ ዴልሂ ላይ የሰው ግቢ የሚጠብቀው ሁሉ ዛሬም ላሁሬ ነው። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ወራትና ቀናት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ኔፓልም እንደ እኛ የራሷ ዘመን አቆጣጠር አላት፤ የእኛው ወደ ኋላ ሲቀር የእነርሱ ግን 57 ዓመት ገደማ ቀድሞ ይሄዳል።)

«ዳያስፖራ» ሲባል ቶሎ በዓይነ ሕሊናችን የሚመጣው ሲድኒ ወይም ቴክሳስ ቤት ገዝቶ የሚኖር፣ ፓስፖርት የቀየረ ሰው ነው። ኔፓል እንዲህ ያሉ ልጆችም አሏት፤ ብዙም ይሠራሉ። ስለ ኔፓል ዳያስፖራ ሲወራ ግን እርሱና ላሁሬው እንደ አንድ ሰው ይቆጠራሉ። ለእኔ ነጥሎ ማየቱ ግድ ነው። የአገሪቱን ጓዳ የሞላው በአብዛኛው ላሁሬው ሲሆን፣ ማኅበሩ፣ ጉባኤውና ሕጉ የተሰፋው ግን በፓስፖርት ቀያሪው ልክ ነው።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል፣ የት ይገባል?

የ2021 የሕዝብ ቆጠራ የኔፓልን ሕዝብ 29 ሚሊዮን አካባቢ አድርሶ፣ 2.2 ሚሊዮን ያህል ሰው ደግሞ ከቤቱ ርቆ ውጭ አገር እንዳለ መዝግቧል። ወደ ሕንድ የሚሄደውን በትክክል መቁጠር ይከብዳል፤ በሁለቱ አገሮች መካከል ያለው ድንበር ክፍት ነው፣ ቪዛ የሚጠይቅ የለም፣ ሰው ዘር ዘርቶ ሄዶ ለአጨዳ ይመለሳል። በ2023 ወደ ኔፓል የገባው ሐዋላ 11 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነበር፤ ከአገሪቱ ዓመታዊ ጠቅላላ ምርት ሩብ ያህሉ ማለት ነው። ይህ ባንክ የሚያውቀው ብቻ ነው። «ሁንዲ» በሚሉት መንገድ፣ ማለትም እዚያ ለአንድ ነጋዴ ሰጥቶ እዚህ በዘመዱ እጅ በመቀበል የሚገባው ከዚህ ስሌት ውጭ ነው።

ነገሩ በአንድ ጀንበር የመጣ አይደለም። በ1995/96 በተደረገ የኑሮ ደረጃ ጥናት ሐዋላ የሚደርሳቸው ቤተሰቦች ከመቶ 23 ነበሩ፤ በ2010/11 በተደረገው ከመቶ 56 ደረሱ። በመሐሉ ከ1996 እስከ 2006 የዘለቀው የእርስ በርስ ጦርነት አለ። ወጣቱ አንድም መንግሥትን ይወጉ የነበሩት የማኦይስት ታጣቂዎች እንዳይመለምሉት፣ አንድም መንግሥት እንዳይጠረጥረው ከመንደሩ ወጣ። የባሕረ ሰላጤው አገሮችና ማሌዥያም በዚያው ጊዜ የጉልበት ሠራተኛ ይፈልጉ ነበር።

ያው የ2010/11 ጥናት እንዳሳየው፣ ከተላከው ገንዘብ ከመቶ 79 እጁ ለዕለት ፍጆታ፣ 7 እጁ ዕዳ ለመክፈል ሲውል፣ ለሥራ ማቋቋሚያና ለመሳሰለው የዋለው 2 እጅ ገደማ ብቻ ነበር። ይህን ቁጥር ይዘው «ስደተኛው ይልካል፣ ቤተሰቡ ይበላል» የሚሉ ሰዎች ሞልተዋል። ፍርዱ ትክክል አይመስለኝም። ፍጆታ የተባለው ሩዝ ነው፣ መድኃኒት ነው፣ የልጅ ልብስ ነው። ዕዳ የተባለውም ብዙ ጊዜ ልጁ ለደላላና ለኤጀንሲ ከፍሎ እንዲሄድ ከአራጣ አበዳሪ የተወሰደው ነው፤ መጀመሪያ የሚላከው ደመወዝ የስደቱን ወጪ ራሱን ነው የሚከፍለው። እኛ ለእንቁጣጣሽና ለፋሲካ የሐዋላ ቤት ሰልፍ እንደሚረዝምብን፣ እነርሱም ለዳሻይን፣ ሽማግሌዎች የልጆቻቸውን ግንባር ቲካ በሚሉት ቀይ ቅብ ለሚመርቁበት የመስከረምና የጥቅምት በዓል፣ ያለ የሌለውን ይልካሉ።

ከመንደር ይዘውት የወጡት

መደራጀትን ያስተማራቸው ስደት አይደለም። በኔፓል ደጋ ጎረቤት ተጠራርቶ ተራ በተራ የአንዱን ማሳ የሚያርስበትና የሚያጭድበት «ፓርማ» የሚባል ልማድ አለ፤ ደቦ ነው። በካሊ ጋንዳኪ ወንዝ ሸለቆ የሚኖሩት፣ ጥንት በጨው ንግድ የሚታወቁት ታካሊዎች ደግሞ «ዲኩር» አላቸው። አባላት በየጊዜው ያዋጣሉ፣ የተሰበሰበው ለአንዱ ይደርሰዋል። አዎ፣ እቁብ ነው። ካትማንዱ ሸለቆ ያሉት ኔዋሮች «ጉቲ» የሚሉት ማኅበር አላቸው፤ አንዱ ዓይነት ቤተ መቅደስ ያድሳል፣ አንዱ በዓል ይደግሳል፣ «ሲ ጉቲ» የሚባለው ደግሞ ሬሳ ተሸክሞ እስከ ማቃጠያው ያደርሳል። እድር ያለው ሕዝብ ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ አያስፈልገውም። መንግሥት በ2019 የጉቲዎችን መሬትና አስተዳደር የሚነካ ረቂቅ ሕግ ሲያመጣ የካትማንዱ ሕዝብ መንገዱን ሞልቶ ወጣ፤ ረቂቁም ተነሣ።

ኔፓላዊው ለንደን ወይም ኒው ዮርክ ሲደርስ መጀመሪያ የሚያቋቁመው ይህንኑ ነው። ጉሩንጎች፣ ማጋሮች፣ ሊምቡዎች፣ ሼርፓዎች የሚባሉት ብሔረሰቦች የየራሳቸው ማኅበር አላቸው፤ በተጨማሪም የአንድ ወረዳ፣ የአንድ መንደር፣ የአንድ ትምህርት ቤት ልጆች ይሰባሰባሉ። የአባልነት መዋጮ አለ። ሎሳር በሚሉት አዲስ ዓመት አዳራሽ ተከራይተው ሞሞ የሚሉትን ምግባቸውን እየሸጡ፣ እየዘፈኑ ገንዘብ ያወጣሉ። ገንዘቡ መንደር ላለ ኮሚቴ ይደርሳል፤ ኮሚቴው የትምህርት ቤት ጣሪያ ያለብሳል፣ የውኃ ቧንቧ ይስባል፣ አምቡላንስ ይገዛል፣ ከዚያ ፎቶ ይላካል።

ይህ አሠራር የተወሳሰበ የኦዲት ሥርዓት የለውም፤ የሚጠብቀው ሐፍረት ነው። ገንዘቡን የያዘው ሰው ቢያጎድል፣ ለንደን ያሉት ከመጠየቃቸው በፊት እናቱ ምንጭ ወርዳ ውኃ ስትቀዳ ትጠየቃለች። ትንሽ ማኅበር የሚጠነክረው በዚህ ነው። የሚደክምበትም እዚያው ላይ ነው፤ የሚረዳው ልጆቹ ሀብታም አገር የደረሱለትን መንደር ብቻ ነው። በሩቅ ምዕራብ ኔፓልና በካርናሊ ያሉት የድሃ ድሃ ቀበሌዎች ልጆቻቸውን የሚልኩት ወደ ሕንድ ነው፤ ዘበኛ፣ ተሸካሚ፣ የምግብ ቤት አሳላፊ ሆነው። እነዚህ ልጆች ለቤታቸው ይልካሉ እንጂ ለመንደሩ ጣሪያ የሚተርፍ ነገር የላቸውም።

የጉርካዎቹ ነገር ለብቻው ይነሣል። ያለ ጡረታ ለተሰናበቱ አዛውንት ወታደሮች በየወሩ የሚረዳው፣ በመንደሮቻቸውም ውኃ የሚያወጣው የጉርካ በጎ አድራጎት ድርጅት በ1969 የተቋቋመው ብሪታንያ ውስጥ ነው። ቀድመው ጡረታ የወጡት ጉርካዎች ብሪታንያ የመኖር መብት ያገኙት ደግሞ ከረጅም ሙግት በኋላ በ2009 ነው። ከዚያ ወዲህ እንደ አልደርሾት ባሉ ከተሞች ትልቅ የኔፓል ሠፈር በቀለ፤ ማኅበሮቹም በዚያው ልክ በረቱ።

ትልቁ ማኅበርና የሕጉ አጥር

በጥቅምት 2003 ከየዓለሙ የተጠሩ ኔፓላውያን ካትማንዱ ላይ ተሰብስበው «የነዋሪ ያልሆኑ ኔፓላውያን ማኅበር» የሚባለውን መሠረቱ። ከመሥራቾቹ ግንባር ቀደም የነበረው፣ በቀድሞዋ ሶቪየት ኅብረት ተምሮ እዚያው በንግድ የከበረው ኡፔንድራ ማሃቶ ነው። «አንዴ ኔፓላዊ፣ ሁልጊዜ ኔፓላዊ» የሚለው መፈክራቸው ልብ ይነካል። ጥያቄያቸው ሁለት ነበር፤ በአገራችን ሀብት እናፍስስ፣ ፓስፖርት ቀየራችሁ ተብለን እንግዳ አንሁን። ማኅበሩ በብዙ አገሮች ቅርንጫፍ አወጣ፤ በየሁለት ዓመቱ ካትማንዱ ላይ ጉባኤ እየጠራ አመራር ይመርጣል።

ሕጉ በ2007 ወጣ። በዚህ ሕግ «ነዋሪ ያልሆነ ኔፓላዊ» ማለት አንድም የኔፓል ትውልድ ያለው የውጭ ዜጋ፣ አንድም ቢያንስ ሁለት ዓመት ውጭ ሠርቶ የኖረ የኔፓል ዜጋ ነው። ነገር ግን የደቡብ እስያ ትብብር ማኅበር አባል በሆኑት ጎረቤት አገሮች የሚኖር አይቆጠርም። ሕንድ ከእነዚህ አንዷ ናት። ከሁሉ ቀድሞ የተሰደደው፣ ከሁሉ ድሃ የሆነው፣ ድንበሩን በእግሩ የሚሻገረው ላሁሬ በሕጉ ዓይን ዳያስፖራ አይደለም ማለት ነው።

ለምን? መልሱ ፍርሃት ነው። ክፍት ድንበር ባለበት፣ በሁለቱም ወገን ቋንቋውና ጋብቻው በተሳሰረበት፣ በሩ ከተከፈተ ግዙፏ ጎረቤት በዜግነት ስም ትገባለች ብለው ይሠጋሉ። ሥጋቱ ከየት እንደመጣ ይገባኛል፤ ትንሽ አገር ከትልቅ ጎረቤት ጋር ስትኖር የምታስበው ብዙ ነው። ዋጋውን የሚከፍለው ግን ምንም ያላጠፋው የዴልሂ ዘበኛ ነው።

የ2015 ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 14 ከጎረቤት አገሮች ውጭ የሌላ አገር ዜግነት ለወሰዱ የኔፓል ተወላጆች ልዩ ዜግነት ፈቀደ። የኢኮኖሚ፣ የማኅበራዊና የባህል መብት ይሰጣል፤ መምረጥና መመረጥን አይጨምርም። የእኛን ቢጫ ካርድ ለሚያውቅ አንባቢ መንፈሱ ያው ነው። ድንጋጌው ወደ ዜግነት ሕጉ እስኪገባ ግን ስምንት ዓመት ፈጀ፤ በ2022 የወቅቱ ፕሬዚዳንት አልፈርምም ብለው፣ በ2023 ተተኪያቸው ፈረሙ።

ማኅበሩ እያደገ ሲሄድ የአገር ቤት ፖለቲካ ተከተለው። የኔፓል ፓርቲዎች በየውጭ አገሩ የደጋፊ ክንፍ አላቸው፤ የማኅበሩ ምርጫም የእነርሱ መሞካከሪያ ሆነ። ከ2021ዱ ጉባኤ ወዲህ አመራሩ ተከፋፍሎ በይገባኛል ጭቅጭቅ ውስጥ ገባ። ያሳዝናል። የመንደሩ ማኅበር ሐፍረት ይጠብቀዋል ብያለሁ፤ ከሲድኒ እስከ ሊዝበን የተዘረጋውን ማኅበር ግን ምንጭ ዳር የሚጠይቅ ጎረቤት የለውም።

ላፕራክ

ሚያዝያ 25 ቀን 2015፣ ቅዳሜ ቀትር አካባቢ፣ መጠኑ 7.8 የተለካ የመሬት መንቀጥቀጥ ማዕከሉን ጎርካ ወረዳ ባርፓክ አጠገብ አድርጎ ኔፓልን አናወጠ። በግንቦት 12 ሌላ 7.3 ተደገመ። 9,000 ያህል ሰው ሞተ፤ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ቤት ፈረሰ።

ውጭ ያለው ኔፓላዊ በሰዓታት ውስጥ ተነሣ። ሐኪሞች አውሮፕላን ተሳፈሩ። ኮምፒውተር የሚችለው ካትማንዱ ካሉ ወጣቶች ጋር ተባብሮ ከሳተላይት ምስል ላይ መንገድና ጎጆ እየለየ ለእርዳታ ሠራተኞች ካርታ ሠራ። ድንኳንና ብርድ ልብስ ተላከ፤ ነገር ግን የካትማንዱ አውሮፕላን ማረፊያ አንድ ማኮብኮቢያ ብቻ ስለነበረው ጭነቱ ተከማቸ፣ ጉምሩክም አዘገየው። መንግሥት ደግሞ የሚሰበሰበው ገንዘብ ወደ ጠቅላይ ሚኒስትሩ የእርዳታ ፈንድ ይግባ አለ። ሰጪው ደነገጠ፤ ለማያምነው ቋት ሳይሆን ለሚያውቀው መንደር መስጠት ነበር የፈለገው። ብዙው ሰው በመጨረሻ ያደረገው ያንኑ የቆየውን ነው፤ ለወንድሙ፣ ለአጎቱ፣ ለመንደሩ ኮሚቴ ላከ።

ትልቁ ማኅበር ግን አንድ ሙሉ መንደር ልሥራ ብሎ ተነሣ። ባርፓክ አጠገብ ያለው ላፕራክ የጉሩንጎች መንደር ነው፤ መሬቱ የሚንሸራተት በመሆኑ እዚያው መልሶ መሥራት አደገኛ ነበር። ስለዚህ ከፍ ብሎ ጉፕሲ ፓካ በሚባለው ገላጣ ቦታ ላይ 573 ቤቶች ያሉት አዲስ ሠፈር ታቀደ። በየአገሩ ተዋጣ። ቁሳቁስ ወደዚያ ከፍታ ማድረስ ራሱ ትግል ነበርና ሥራው ዓመታት ፈጀ፤ ግን ተሠራ። በተርታ የቆሙት ቤቶች ፎቶ ሲያዩት ያስደስታል።

ሰው ግን በሙሉ ልቡ አልገባባቸውም። ቦታው ነፋሻና ብርዳም ነው። ቤቶቹ ለጉሩንግ ቤተሰብ ጠባብ ናቸው፤ ከብት የሚታሠርበት፣ እህል የሚሰጣበት ቦታ የላቸውም። እርሻው ታች አሮጌው መንደር ቀርቷል። ብዙ ቤተሰብ አዲሱን ቤት ቆልፎ፣ አሮጌውን ጠግኖ እዚያው ኖረ።

ይህን የምተርከው ማኅበሩን ለመውቀስ አይደለም። ገንዘቡ ከልብ ተሰጠ፣ ቤቱም ቆመ። ከሩቅ የሚረዳ ሰው ግን ብዙ ጊዜ የሚያስበው በሚኖርበት አገር ቤት ልክ ነው፤ መኝታ ቤት ይቆጥራል፣ በረት አይቆጥርም። ላፕራክ ላይ የጎደለችው አንዲት ጥያቄ ነበረች፤ «እማማ፣ ላሚቱ የት ታድራለች?» የምትል።

በዚያው ሰሞን ኳታር ውስጥ ለዓለም ዋንጫ ስታዲየም ከሚሠሩት ኔፓላውያን ብዙዎቹ የሞተ ዘመዳቸውን ለመቅበር ፈቃድ እንዳላገኙ የኔፓል መንግሥት ራሱ ቅሬታ አሰምቶ ነበር። እነዚህ ከየትም ቀድመው የላኩ ሰዎች ናቸው፤ የቤታቸው ሐዘን ላይ ግን አልደረሱም።

የሬሳ ሣጥኑ መዋጮ

ካትማንዱ አውሮፕላን ማረፊያ የሬሳ ሣጥን የማይገባበት ቀን ጥቂት ነው። ብዙዎቹ ሟቾች ተመርምረው፣ ጤነኛ ተብለው የሄዱ ወጣቶች ናቸው። ቀን በሙቀት ሲሠሩ ውለው ሌሊት ተኝተው ይቀራሉ፤ ወረቀቱ ላይ «የተፈጥሮ ሞት» ወይም «የልብ መቆም» ተብሎ ይጻፋል። ያ ቃል ሲጻፍ የአሠሪው ካሳ ይቀራል።

የባሕረ ሰላጤው ኔፓላዊ ስብስብ ከሁሉ በላይ የሚሠራው እዚህ ላይ ነው። በኮንቴይነር ማደሪያው ያሉት ልጆች ከደመወዛቸው ያዋጣሉ። አንዱ ከአሠሪው ጋር ይነጋገራል፣ አንዱ ኤምባሲ ይመላለሳል፣ አንዱ ለሟቹ ቤተሰብ ይደውላል። ሲ ጉቲ በረሃ ላይ ማለት ይህ ነው። የሠራተኛ ማኅበር ማቋቋም በማይፈቀድባቸው አገሮች የኔፓል የሠራተኛ ማኅበራት ጠቅላላ ፌዴሬሽን የድጋፍ ቡድን በሚል ስም አባላቱን ያሰባስባል። ካትማንዱ ላይ ደግሞ ከስደት የተመለሱ ሠራተኞች ያቋቋሙት «ፕራቫሲ ኔፓሊ» የተባለው አስተባባሪ ኮሚቴ የጠፋ ሰው ያፈላልጋል፣ ሬሳ ያስመጣል፣ ደመወዝ ለተከለከለ ጠበቃ ያቆማል። እኔ ከሁሉ የማከብረው ይህን ነው፤ መከራውን ያየ ሰው ተመልሶ ለሚቀጥለው ሰው በር ላይ ሲቆም።

መንግሥትም አንድ ነገር አለው። በሕጋዊ መንገድ የሚሄድ ሠራተኛ ከመሳፈሩ በፊት ወደ የውጭ ሥራ ስምሪት በጎ አድራጎት ፈንድ ይከፍላል፤ ቢሞት ወይም ቢጎዳ ቤተሰቡ ከዚያ ያገኛል። ሥራ ፈቃድ ሳያወጣ የሄደው ግን ከዚህ ጥላ ውጭ ነው። የኔፓል መንግሥት ሴቶች ለቤት ሠራተኝነት ወደ ባሕረ ሰላጤው እንዳይሄዱ በተለያየ ጊዜ ከልክሏል፤ እነርሱም በሕንድ በኩል ዞረው ሄዱ። ኢትዮጵያም በ2013 ከልክላ በ2018 እስክታነሣ ድረስ እህቶቻችን በበረሃና በባሕር ዞረው ሄደዋል። ቤሩት ውስጥ የኢትዮጵያና የኔፓል ልጆች ሠራተኛዋን ከአሠሪዋ ጋር የሚያስረው ያው የከፋላ ሕግ፣ ያው የተነጠቀ ፓስፖርት፣ በተቆለፈ በር ጀርባ ያው ሰገነት አገናኝቷቸዋል። ክልከላው ሴቶቹን አላስቀራቸውም፤ የሚሞቱበትን ቀን ግን ያለ ዋስትና አደረገው።

ስልኩ

የኔፓል ጠቅላይ ፍርድ ቤት በመጋቢት 2018 ውጭ ያሉ ዜጎች ባሉበት ድምፅ የሚሰጡበት መንገድ ይዘጋጅ ብሎ ወሰነ። በ2022ቱ አገር አቀፍ ምርጫ ግን ከዶሃም ሆነ ከሴኡል ድምፅ መስጠት አልተቻለም። የአገሪቱን ምርት ሩብ የሚልኩት ሰዎች ማን ያስተዳድራት ሲባል ሰልፉ ላይ የሉም።

ስለዚህ ሌላ መንገድ አበጁ። በዚያ ዓመት ካትማንዱ በግሉ የተወዳደረውን ወጣት ባሌን ሻህን ከንቲባ ስታደርግ፣ ቆየት ብሎም አዳዲስ ፓርቲዎች ፓርላማ ሲገቡ፣ ላሁሬዎቹ ማታ ማታ ቤት እየደወሉ እናትና ሚስትን «የድሮዎቹን ተዪአቸው» ይሉ ነበር። ሕጉ የነፈጋቸውን ድምፅ በእናታቸው ጣት አስቀቡት።

በመስከረም 4 ቀን 2025 መንግሥት ፌስቡክን፣ ዋትስአፕን፣ ዩቲዩብን ጨምሮ 26 መድረኮችን ዘጋ። ለካትማንዱ ወጣት የተዘጋበት አደባባዩ ነበር፤ በሙስናና በባለሥልጣን ልጆች ቅንጦት ላይ የሚናገርበት። ተራራ ላይ ላለችው እናት ግን የተዘጋው የልጇ ፊት ነው። ወጣቶቹ በመስከረም 8 አደባባይ ወጡ፤ በዚያ ቀን ብቻ 19 ሰዎች ተገደሉ። እገዳው በዚያው ሌሊት ተነሣ፤ በማግስቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ኦሊ ሥልጣን ለቀቁ። በኮንቴይነር ማደሪያዎቹም ስልኮቹ እንደገና መጥራት ጀመሩ፤ የመጀመሪያው ጥያቄ «ሁላችሁም ቤት ናችሁ?» የሚል ነበር፤ ዳሻይንም ሊደርስ ጥቂት ሳምንታት ብቻ ቀርተውት ነበር።